ለግብር ቀጠሮ ምን ይዤ ልሂድ? የወሎ አንባቢያን ጥያቄዎች

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከባቲ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ግብር ናቸው። የግብሩን መጠን የጠየቃችሁኝን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ ስለ ሰነድ እመልሳለሁ። ወጪ አውጥቶ ወረቀቱን ባለመያዙ፣ ባላተረፈው ትርፍ ላይ ግብር የሚከፍለው ሰው ብዙ ነውና ነገሩ ያሳስበኛል።

ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ዘንድሮ ደረጃ ሀ ሆነሃል፣ ሂሳብ ያዝ ተብያለሁ። የሂሳብ ባለሙያው «ያለህን ወረቀት ይዘህ ና» አለኝ። የትኛውን?

መታወቂያ የሚሆኑህን ለይ፦ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሰርተፊኬት፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ አምና ያሳወቅህበት ቅጽና የከፈልህበት ደረሰኝ። ሽያጭህን የሚናገረው የካሽ ሬጅስተርህ የየዕለቱ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣው ወረቀት ነው። በየወሩ እሰረው፤ የጎደለ ቀን ካለ ሱቁ ተዘግቶ ይሁን ማሽኑ ተበላሽቶ በወረቀት ጽፈህ አያይዝ። ከዚያ የግዥ ደረሰኞች፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የመብራትና የጭነት ክፍያ፣ የደመወዝ መክፈያና የጡረታ መዋጮ ደረሰኝ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው የባንክ ስቴትመንት። እያንዳንዱ የግዥ ደረሰኝ ላይ ስምህና 10 አሃዝ ያለው ቲንህ መስፈሩን እይ። ብድር ካለብህ ባንኩ ወለዱን ከዋናው ገንዘብ ለይቶ ይጻፍልህ፤ በወጪ የሚያዝልህ ወለዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የዕቃ ቆጠራን ነው። ሰኔ 30 ማታ መደርደሪያ ላይ ያደረው ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም በተገዛበት ዋጋ ካልተጻፈ፣ የሸጥከው ዕቃ በስንት እንደወጣልህ ማንም ሊያሰላው አይችልም። ሳትቆጥር ሐምሌ ከገባብህ ዛሬውኑ ቁጠርና ከሐምሌ 1 ወዲህ የሸጥከውን ዕቃ ደምርበት፣ የገዛኸውን ቀንስለት። በየቀኑ በዘገየህ ቁጥር ይህ ስሌት ይከብድሃል።

ለደረጃ ሀ የማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ግን የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ስለተሻሻለ ደረጃህን ከግብር ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ አረጋግጥ። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ ባልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል።

ደሴ ሸዋ በር ምግብ ቤት አለኝ። ደረሰኞቼን ምድጃው አጠገብ ሚስማር ላይ እየሰካሁ ነበር የማስቀምጣቸው። አሁን ሳወርዳቸው ግማሾቹ ባዶ ወረቀት ሆነዋል።

አብሽሪ እህቴ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት የሚጻፈው በሙቀት ነው፤ ምድጃና ፀሐይ፣ ዘይት የነካው እጅም ያጠፋዋል። ጭላንጭል ጽሑፍ የቀረበትን ዛሬ ፎቶ ኮፒ አስደርጊ፣ በስልክሽም አንሺው። ላሚኔት ግን እንዳታስደርጊ፤ ሙቀቱ ጭራሽ ያጠቁረዋል። ፈጽሞ ለጠፋው፣ ከማን፣ መቼና በስንት ብር እንደገዛሽ ጽፈሽ ወደ ሻጩ ሂጂ። የእሱ ማሽን ሽያጩን መዝግቦታልና ቅጂ ወይም ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ ጠይቂው። በባንክ ወይም በቴሌብር የከፈልሽበትን ማስረጃም አያይዢ። መቀበል አለመቀበሉ የግብር ጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ነው፤ ቢሆንም ማስረጃ ይዘሽ ስትቀርቢ የሚያነጋግርሽ ነገር ይኖራል። ከእንግዲህ ደረሰኝ በተቀበልሽበት ሳምንት ኮፒውን ከዋናው ጋር አያይዘሽ በየወሩ ፖስታ ውስጥ አኑሪው፤ ካሳወቅሽ በኋላም ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጥ።

ወልድያ ወፍጮ ቤት አለኝ። በ2014ቱ ጦርነት ሰነዴ በሙሉ ጠፋ። ባለሙያዋ የወፍጮውን መግዣ ደረሰኝ አምጣ ትለኛለች። ከየት ላምጣ?

አባቴ፣ ይህን ጥያቄ የሚያነሱት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ከመርሳም ከደሴም ደርሶኛል፣ ባነበብኩት ቁጥርም ያመኛል። ደረሰኙ የተፈለገው የወፍጮው ዋጋ በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ ስለሚያዝልዎ ነው። ቅጂው ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል፦ የሸጠልዎ ድርጅት ዘንድ፣ ተበድረው ከገዙት በአበዳሪው ፋይል ውስጥ፣ ወይም ከጦርነቱ በፊት ለግብር ጽሕፈት ቤቱ ባስገቡት የግብር ማሳወቂያ ላይ። በመጨረሻው ይጀምሩ፤ ዋጋው እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ተቀብሎት የነበረ ቁጥር ነው። ሰነዱ ስለመጥፋቱ ከቀበሌ ወይም ከፖሊስ ደብዳቤ ያውጡ። ማመልከቻዎን በሁለት ኮፒ ያድርጉና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትተው ይያዙት። በቃል ብቻ ነግረው እንዳይመለሱ አደራ።

ባቲ ሰኞ ገበያ እህል እገዛለሁ። ገበሬው ደረሰኝ የለውም። አንድ ሰው ደግሞ በኮሚሽን የግዥ ደረሰኝ ልቁረጥልህ እያለኝ ነው።

የሰውየውን ደረሰኝ አትንካ። ያልተካሄደ ግዥ ደረሰኝ እስር የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ ደረሰኙን ቆራጩ ሲያዝ በእሱ የተጠቀመው ሁሉ ይጠራል። ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ስትገዛ የምትሞላውን፣ በግብር ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ የሚታተም የግዥ ማረጋገጫ ሰነድ እንዴት እንደምታገኝ ጠይቅ። የሻጩን ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፣ ኩንታሉንና ዋጋውን እዚያው ገበያ ላይ ጽፈህ አስፈርም። ማታ ቤት ገብቼ እሞላዋለሁ ካልክ ሻጩን አታገኘውም።

ለመሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያ አቀርባለሁ። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ቀንሰው ይከፍሉኛል፣ ደረሰኙን ግን ነገ ዛሬ እያሉ አልሰጡኝም።

የተቀነሰብህ ከዓመቱ ግብርህ ላይ የሚታሰብልህ የራስህ ገንዘብ ነው፣ ደረሰኙ ከሌለ ግን አይታሰብልህም። ከቀጠሮህ በፊት የየክፍያውን ቀንና መጠን ዘርዝረህ ለፋይናንስ ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቅ።

ሐይቅ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለት ክፍል ቤት አከራያለሁ። ደመወዜን የሚያሳይ ወረቀት ልያዝ?

ለኪራዩ አያስፈልግሽም። የደመወዝሽን ግብር ትምህርት ቤቱ በየወሩ ይቆርጣል፤ የኪራይ ገቢ ለብቻው ነው የሚሰላው። የኪራይ ውሉን፣ የቤቱን ይዞታ ማረጋገጫና ኪራዩ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ያዢ። መዝገብ ለማይዝ አከራይ ሕጉ ያለ ደረሰኝ የሚቀንስለት ድርሻ አለ። ተከራዩ በዓመቱ መካከል ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ከከረመ፣ የወጣበትንና አዲሱ የገባበትን ቀን የሚያሳዩትን ሁለቱንም ውሎች አትርሺ፤ አለበለዚያ 12 ወር ሙሉ እንደተከራየ ሊታሰብብሽ ይችላል።