የበጎ አድራጎት ማህበር የጥቃቅንና አነስተኛ ብድር ያገኛል ወይ? እኛ ደሴ ላይ ያየነው

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ያለው የእናቶች ማህበራችሁ ለዳቦ ቤት ማሽን የጥቃቅንና አነስተኛ ብድር ያገኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኛም ደሴ ላይ በዚሁ መንገድ ስላለፍን ትንሽ ላስረዝምብሽ።

መጀመሪያ የሄድነው የማህበሩ ማህተም ያረፈበት ማመልከቻ ይዘን ነው። የብድር ሠራተኛው መተዳደሪያ ደንባችንን ገልጦ ሁለት ቦታ ላይ አሰመረ። አንዱ «ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም» የሚለው ነው። ሌላው ማህበሩ ሲፈርስ ንብረቱ ለመሰል ድርጅት ይተላለፋል የሚለው። ከዚያ ቀና ብሎ «ባትከፍሉ ማንን ነው የምይዘው?» አለን። ተናደን ወጣን። ማታ ሳስበው ግን ልክ ነበር። ሊቀመንበራችን በምርጫ ትቀየራለች። ያሉን ስፌት መኪኖች የረጂ ናቸው። ማን ቤቱን ያስይዛል?

አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «እዚህ ይሰጣሉ» ያለሽ የኮሮናውን ጊዜ ይመስለኛል። በ2012 ዓ.ም. ለደመወዝ መክፈያ የወጣው ብድር ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ተፈቅዶ ነበር። መደበኛው የመንግሥት ዋስትና ያለው የአነስተኛ ንግድ ብድር ግን እዚያም በአብዛኛው ለእነሱ ዝግ ነው።

የእኛ አገር ሕግ ግን መውጫ አለው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ማህበር ለዓላማው ገቢ ለማግኘት ንግድ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ኩባንያ ማቋቋምም ይችላል። የንግድ ፈቃዱ፣ የባንክ ሒሳቡና መዝገቡ ግን ለብቻ ነው። ግብሩም እንደ ማንኛውም ነጋዴ።

እኛ የመረጥነው ሌላ ነው። አምስት እናቶች ራሳቸው ተደራጅተው ኢንተርፕራይዝ ሆኑ። ማህበሩ ቤት አከራያቸው፣ ሥልጠናውን ሸፈነ፣ ብድሩ ላይ ግን አልፈረመም። ማሽኑን በካፒታል ዕቃ ኪራይ፣ ማለትም አበዳሪው ገዝቶ እነሱ ቀስ በቀስ በሚከፍሉበት መንገድ ወሰዱ። 20 በመቶውን ቆጥበው አቀረቡ፣ 80 በመቶውን አበዳሪው ሸፈነ። ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ የአበዳሪው ስለሆነ ቤት አስይዙ አልተባሉም። ወገብ የሚቆርጠው ያ 20 በመቶ ነው። እናቶቹ ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ከእንጀራ ሽያጭ እየቀነሱ ነው የሞሉት።

አንድ ነገር አደራ። ወለድ የማይነኩ እናቶች ካሉ፣ ወሎ ነውና ይኖራሉ፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት መኖሩን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። እኛ ጋ ስድስተኛዋ እናት ወለድ እንዳለው የሰማችው የፊርማው ዕለት ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ቀድሜ ስላልነገርኳት እስካሁን ይቆጨኛል።

ደንባችሁ ላይ ስለ ንብረት የሚያወራውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አብሽሪ።