የጃንሆይ ብሮች ከተጻፈባቸው በላይ ያወጣሉ?

አዎ እህቴ፣ ድሬ ከአያትሽ ሳጥን ያገኘሻቸው የጃንሆይ ብሮች ከተጻፈባቸው በላይ ሊያወጡ ይችላሉ። ባንክ አይወስዳቸውም፤ የሚገዛሽ ሰብሳቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቀየሩት ባለ 100ዎች ግን ገና በየቤቱ ስላሉ ብዙ አትጠብቂባቸው።

1. የባንኩን ስም አንብቢ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚለው «ብሔራዊ ባንክ» ከሚለው ይቀድማል። ፊርማውንም እይ፤ በዓይነቱ ዋጋው ይለያያል።
2. መስኮት ላይ አድርገሽ እጥፋትና የመርፌ ቀዳዳ ፈልጊ። ዋጋውን በብዛት የሚወስነው ይሄ ነው።
3. ኢቤይ (የኢንተርኔት ገበያ) ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቺ። ሐረር ጀጎል ብትወስጃቸው በመጀመሪያው ዋጋ አትስጪ።

አደራ፣ አትጠቢያቸው፣ አትተኩሻቸው! እኔ አንዱን ባለ 10 በካውያ አቃናሁት፤ ገዢው ብርሃን ላይ አዘንብሎ ወረቀቱ ሲያብረቀርቅ አየና መለሰልኝ።