ልጅ ይዛችሁ ጅማ ለምትመጡ

ውጭ የምትኖሩ የጅማ ልጆች ለእረፍት ስትመጡ ፕሮግራማችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሆቴል ትይዛላችሁ፣ አንድ ምሽት የድሮ ጓደኛ ሁሉ ይጠራል፣ ሥጋው ይቀርባል፣ ቢራው ይከፈታል፣ ፎቶው ይነሣል፣ በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ። ልጃችሁ በዚያ ጫጫታ መሃል ታብሌቱን ታቅፎ አንድ ጥግ ይቀመጣል፣ ወይም ሁለት ወንበር ተገጥሞለት ይተኛል። ከጓደኞቻችሁም ጋር ቢሆን «ወፈርክ፣ ሸበትክ» ከመባባል ያለፈ ጨዋታ ሳትጫወቱ ትለያያላችሁ። የእኔ ምክር ድግሱን ትታችሁ የሰዉን የአዘቦት ቀን እንድትካፈሉ ነው። ጓደኛችሁ ገበያ ሲወጣ አብራችሁ ውጡ፣ ቤቱ ሽንኩርት ሲከተፍ ቁጭ በሉ፣ ማታ ልጆቹ ሲታጠቡ ልጃችሁም እዚያው ይታጠብ።

ይህን የምለው ፍራንክፈርት ብዙ ዓመት ኖሬ ነው። አሁን ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር፣ ሥራችን በፈቀደ ቁጥር ጅማ መጥተን ሰንበት እንላለን። ስለዚህ አብዛኛው ምክሬ ትንሽ ልጅ ላላችሁ ነው፤ ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ የሚጠቅማችሁን ብቻ ውሰዱ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መቼ ይሻላል ብሎ ነው። ለዓይን ከሆነ ጥቅምትና ኅዳርን የሚያህል የለም። ዝናቡ ይወጣል፣ ቡናው ይቀላል፣ ከከተማ ትንሽ ወጣ ሲሉ በየደጁ ተሰጥቶ ይታያል። ግን ያኔ የጓደኞቻችሁ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ጓደኛችሁ ቡና ነጋዴ ከሆነማ ቀና ብሎም አያያችሁ። እኔ ክረምቱን እመርጣለሁ። የጅማ ክረምት ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሆኖም ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ግቢው በልጅ ይሞላል፣ ወደ ነሐሴ መጨረሻ የበቆሎ እሸት ይደርሳል፣ ቡሄ ጨፋሪዎች በየበሩ እያንኳኩ ይመጣሉ። ለልጁ የጎማ ቦቲና የዝናብ ልብስ ያዙለት፤ ከዚያ በኋላ ጭቃ ውስጥ ይግባ፣ አትጩኹበት።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አድርጋችሁ የግቤን ቁልቁለት ወርዳችሁ መውጣት አለባችሁ፤ ከትንሽ ልጅ ጋር ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አባ ሰጉድ አየር ማረፊያ ታርፋላችሁ። በመኪና ከመጣችሁ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሰው ጠይቁ፣ የልጁን የመኪና ወንበር ደግሞ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የኪራይ መኪና ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ማረፊያን በተመለከተ፣ የምትቆዩት ከአንድ ሳምንት በላይ ከሆነ ሆቴሉን ተዉት። ቆጪም ሆነ መንደራ፣ ጊንጆም ሆነ ሄርማታ፣ ዋናው የቅርብ ጓደኛችሁ ካለበት ሰፈር በእግር የሚደረስ፣ ግቢ ያለው ቤት ማግኘቱ ነው። ጓደኛችሁ እንዲፈልግላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እሱ ሲጠይቅና እናንተ ስትጠይቁ ዋጋው አንድ አይደለም። ቤቱን ስታዩ ከሳሎኑ በፊት ጓሮውን እዩ። ጅማ የጉድጓድ ውሃ ያለበት ግቢ ብዙ ነው፤ ክዳኑ ልጅ የማያነሣው መሆኑን በእጃችሁ ሞክሩ። ሮቶ መኖሩን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ልጁ እንዳይደነግጥ አንድ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አልጋው አጠገብ ይኑር። ውሻ ካለም ቀን ታስሮ እንዲውል ከባለቤቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ዋናው። ልጃችሁ የአብሮ አደጋችሁን ልጆች ጅማ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ባያያቸው ይሻላል። ከወራት በፊት በቴሌግራም ቪዲዮ አስተዋውቋቸው። ትልልቆቹ ሲያወሩ ከጎን ብቅ ብሎ እጅ ማውለብለብ ሳይሆን፣ ስልኩን ለልጆቹ ሰጥታችሁ እናንተ ዞር በሉ። የእኛዋ ከአንዱ አብሮ አደጌ ልጆች ጋር እንዲህ ነበር የጀመረችው፤ እነሱ ዶሮ ያሳዩአታል፣ እሷ በረዶ ታሳያቸዋለች። ያም ሆኖ በአካል ሲገናኙ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን የእናቷን ቀሚስ አልለቅም ብላ አሳለፈች። ማንም አልገፋፋትም። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ልጅ ረጅም ቀርከሃ ይዞ ጓሮ ያለውን አቮካዶ ሊያወርድ ወጣ፤ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ አስሮበታል፣ ፍሬውን ጣሳ ውስጥ አስገብቶ ጠምዘዝ ሲያደርገው ይበጠሳል። አንዱ አምልጦት ጣራው ላይ ቷ ብሎ ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ እናቷን አላስታወሰችም። ማታ ላይ ብይ እንዴት እንደሚወረወር ተምራለች፣ በኦሮምኛ «ኮቱ» (ኑ) እያለች ሌሎቹን ትጠራለች፣ ጉልበቷ ተልጧል።

እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት በረንዳ ላይ ነበርን። ቡናው እየተቆላ፣ የጓደኛዬ ሚስት አቮካዶውን በስኳር እየፈጨች፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የልጁን ቦርሳ ዚፕ ለማስተካከል ይታገላል። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ስለነበረው ዓመት የነገረኝ ያን ዕለት ነው። በስልክ ስንት ጊዜ ብጠይቀው «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ የሚያልፈውን ነገር፣ ዓይኑን ከዚፑ ሳያነሣ ነገረኝ። ሆቴል ውስጥ፣ ክራባት ያሰረ አስተናጋጅ እየተመላለሰ፣ ይሄ ወሬ አይወጣም።

የሞተ ሰው ካነሣሁ አይቀር፣ ለቅሶን ከሁሉም አስቀድሙ። እናንተ በሌላችሁበት የጓደኛችሁ እናት ወይም አባት ካረፉ፣ በስልክ ማልቀሳችሁ አይቆጠርም ባይባልም፣ ጅማ ገብታችሁ እዚያ ቤት ሳትደርሱ ሌላ ቦታ ስትዝናኑ ብትታዩ ቅር ያሰኛል። በደረሳችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ውሰዱት ወይስ አትውሰዱት? እኔ ውሰዱት ባይ ነኝ፤ ጊዜ ያለፈው ለቅሶ ስለሆነ ጩኸት አይኖርም፣ ቢበዛ እናንተን ሲያዩ እንባ ይመጣል። «የጓደኛዬ እናት ነበሩ፣ ትንሽ ሳለሁ ቁርስ ያበሉኝ ነበር» ብላችሁ መንገድ ላይ ንገሩት። ቤት ያሉ አዛውንት ልጁን ጉንጩን ይስሙታል፣ ይመርቁታል፣ ዱዓ ያደርጉለታል፣ እንትፍ እንትፍም ሊሉበት ይችላሉ። ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ይደነግጣል። ፊቱን በመሐረብ ለመጥረግ የሚሮጥ ወላጅ ግን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ቤታችሁ ስትደርሱ ታጥቡታላችሁ።

ጓደኞቻችሁን መጋበዝ ከፈለጋችሁም አትከልከሉ፤ ግን በቤታችሁ፣ በቀን፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ውጭ የኖረ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የጅማ አብሮ አደግ እስላምም ክርስቲያንም ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሥጋ ካማራችሁ ከሁለቱም ልኳንዳ ገዝታችሁ፣ በተለያየ ድስት፣ በተለያየ ቢላ መሥራት ግድ ነው፤ ልጆች ደግሞ ከየሰዉ ሳህን ስለሚያነሡ ጣጣው ብዙ ነው። እኛ ጋ መፍትሔው የጾም ምግብ ሆኗል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። ረቡዕ ሆነ ዓርብ ሳትሉ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይቆርሳል፣ ለልጁም ጉርሻ ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ሰሞኑ ረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በኋላ ጥሯቸው፤ ልጁ ቢያመሽ አንድ ቀን ነው።

ጫትን ሳላነሣ ስለ ጅማ ጓደኛ ጻፍኩ ማለት አልችልም። ከወንድ ጓደኞቻችሁ ግማሹ ከምሳ በኋላ የት እንደሚገኝ ታውቁታላችሁ። ልጅ ይዞ በርጫ ቤት መግባት ይቅር፤ ጭሱም፣ ሲጋራውም፣ ረጅሙ ቁጭታም ለልጅ አይሆንም። እንደዚህ ዓይነቱን ጓደኛ ጠዋት ያዙት። ቁርስ ላይ፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጣም ደግ ሰው ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚሰጣችሁን የቢዝነስ ሐሳብ ሁሉ በማግሥቱ ጠዋት ድጋሚ ጠይቁት፤ ግማሹን ራሱ አያስታውሰውም።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ልበል። ልዩነቱን እናንተም እነሱም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አታውሩት። ካፌ ከገባችሁ ተነሥታችሁ ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ሁልጊዜ ግን አትክፈሉ፣ አንድ ቀን እሱ ሲከፍል ዝም በሉ። ለልጆቹ ስጦታ ስታመጡ ልጃችሁ በእጁ ይስጥ፣ እናንተ ግን አስቀድማችሁ እናትየውን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ የትምህርት ቤት ቦርሳና ጫማ ከሚያበራ መጫወቻ ይበልጣል። ብድር ከተጠየቃችሁ ባይመለስ የማይቆጫችሁን ያህል ስጡ፣ ስጦታ ነው ብላችሁም ንገሩት። ያልቻላችሁትን «እናያለን» አትበሉ፤ «እናያለን» ስትሉ ሰው ይጠብቃል። የጓደኞቻችሁን ቤትና ልጆች እየቀረጻችሁ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሰው ፊት ለፊት «ተው» አይላችሁም፣ ግን ሁለተኛ ሲጠራችሁ ሳሎኑን አስተካክሎ፣ ተጨንቆ ነው የሚጠብቃችሁ፤ የአዘቦቱ ቀን ያኔ አበቃ።

ሌላው ልጃችሁን የሚቆጣው ሰው ብዛት ነው። የጓደኛችሁ እናት፣ ጎረቤቷ፣ ባለሱቁ ሳይቀሩ «ተው እንጂ ማሙሽ!» ይሉታል። ይሄን ፍቀዱ፤ እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው። መምታትና መቆንጠጥ የማትፈልጉ ከሆነ ግን ነገሩ እስኪፈጠር አትጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን፣ ለጓደኛችሁ ለብቻው፣ «እኛ አንመታውም፣ ካስቸገረ ጥሩኝ» በሉት። ቢስቅባችሁም ያከብራል።

ጤናው ላይ ግን ጨዋታ የለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፎ ያለ ከተማ ነው፤ ወባ ይኖራል፣ በተለይ ዝናቡ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ከጉዞው ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ልጁን ለሐኪም አሳዩ፤ የወባ መከላከያ መድኃኒት በልጁ ኪሎ ይታዘዛል፣ ክትባቶቹም ጊዜ ይፈልጋሉ። አጎበር ይዛችሁ ኑ፣ ከመምሸቱ በፊት እጀ ረጅም አልብሱት። ትኩሳት ከጀመረው ብርድ ነው ብላችሁ አትደሩ፤ በዚያው ቀን ደም ይመርመር። አገር ቤት ካለው ወባ አንዱ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ልጁ ካተኮሰው ለሐኪሙ ከኢትዮጵያ እንደመጣችሁ ንገሩት። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ አገር ቤት የሚሸጠው አንድ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በግማሽ ሊትር አይደለም፤ ግን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን መጠን እዩ። ወተት ካልፈላ አይጠጣ፣ የጓደኛችሁ ላም ብትሆንም።

ለሽርሽር ብዙ አትድከሙ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳዩት፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው፣ የእንጨቱ ሥራ ልጅንም ያስደንቃል። ከተማው ላይ ቁልቁል እያያችሁ የእናንተን ትምህርት ቤት በጣት ማሳየት ትችላላችሁ። የጓደኛችሁን ልጆች ይዛችሁ ውጡ፤ ለብቻው ከወሰዳችሁት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደከመኝ ይላል።

ስትመለሱ ሻንጣችሁ እንደሚሞላ አትጠራጠሩ። በርበሬውን፣ ሽሮውንና የተቆላውን ቡና ተቀበሉ። ቅቤው ግን አውሮፓ ለምትገቡ አይሆንም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ለመንገደኛ ክልክል ነው፣ የተነጠረም ቢሆን። ማር በሰው እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፣ ልጁም ሰው ነውና ሂሳቡን አስሉ። ቅቤውን ያዘጋጁት እናት እንዳያዝኑ ይህን ከመሰናበቻው ቀን በፊት በጓደኛችሁ በኩል አስነግሩ። «ለእከሌ አድርሱልኝ» ተብሎ የሚሰጣችሁን የታሸገ ነገር ሁሉ ደግሞ ከፍታችሁ እዩት። ጫት ከሆነ ለማንም ብላችሁ አትያዙ፤ ጀርመንም አሜሪካም የተከለከለ ነው፣ እንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ ሕፃን አዝላችሁ ጉምሩክ ላይ ማብራሪያ መስጠት አትፈልጉም።