ጨዋታ ባለ ቀን ልቤ ይደልቃል፤ ኳስ ማየት ላቁም?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አርሴናልን መደገፍ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎኛል፤ የሚያመልጠኝ ጨዋታ የለም። ደም ግፊት እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ማታ፣ የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ጠዋት እንድወስድ ታዞልኛል። ቡድኔ ሲጫወት ልቤ ይደልቃል፣ አንገቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ አንዳንዴም ግራ እጄ ይደነዝዛል። በቅርቡ ጨዋታው እንዳለቀ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ገብቼ ስለካ 170/100 ሆነ። የሚያሸናው ኪኒን እየደጋገመ ከወንበር ስለሚያስነሣኝ ጨዋታ ባለ ቀን እዘለዋለሁ። ባለቤቴ «ኳሱ ይቅርብህ» ትለኛለች። ላቁም ወይስ በዕረፍት ሰዓት አንድ አምሎዲፒን ብጨምር ይበቃኛል?

መልስ፦ ከኳሱ በፊት የግራ እጅዎን ነገር እናንሣ። የልብ መደለቁ ብቻውን ብዙ አያሳስበኝም፤ ጎል ሊገባ ሲል የማይደልቅ የደጋፊ ልብ የለም። ከእጅ መደንዘዝ ጋር ሲመጣ፣ ያውም በ54 ዓመትዎና ግፊት እያለብዎት፣ በስልክም በጽሑፍም የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ዳገት ስወጣ ወይም ደረጃ በፍጥነት ስወጣ ደረቴን የሚጭን፣ ወደ መንጋጋዬ ወይም ወደ እጄ የሚሄድ ነገር ይሰማኛል? ቆም ስልስ በጥቂት ደቂቃ ይለቀኛል? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠበው ሊሆን ይችላልና ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዳገት ላይ ምንም የማይሰማዎት ከሆነ፣ ሁለቱም እጆችዎና ከንፈርዎ አካባቢ የሚነዝርዎት ከሆነ፣ በውጥረት ቶሎ ቶሎ ከመተንፈስ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንገት ሲያዞሩ የሚብስ መደንዘዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአንገት አጥንት ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው። ሦስቱን የሚለየው ግን ምርመራ ነው፤ ስለዚህ መልስዎ «አይደለም» ቢሆንም በዚህ ሳምንት ይታዩ።

ሲሄዱ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሣሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አልጋ ላይ ተኝተው የተነሡት ኢሲጂ ደህና መሆኑ ብቻውን ልብዎ ነፃ ነው ለማለት አያበቃም። የጠበበ የደም ሥር ልብ እስካልተጨናነቀ ድረስ ላይታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው እየተራመዱ የሚደረገው የትሬድሚል ምርመራ የሚታዘዘው። ከዚያ ሌላ የጾም ስኳር፣ የኮሌስትሮል፣ የኩላሊትና የፖታሲየም (ደም ውስጥ ያለ ማዕድን) ምርመራ ያስፈልጋል። ፖታሲየምን ለይቼ የጠቀስኩት የሚያሸናው ኪኒን ስለሚያወርደው ነው፤ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ከኳሱ ጋር የሚያያይዙት መደለቅ በከፊል ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ስጋት ልምጣ፤ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ በሙኒክና አካባቢው ድንገተኛ የልብ ችግር ያጋጠማቸው ሰዎች ተመዝግበው ነበር። የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት ቁጥሩ ከሌላው ጊዜ 2.66 እጥፍ ሆነ፤ በወንዶች ብቻ ሲታይ 3.26 እጥፍ። ብዙው የደረሰው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ይበልጥ የተጎዱትም አስቀድሞ የልብ ሕመም እንዳለባቸው የሚታወቁት ናቸው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1998 በመለያ ምት በአርጀንቲና በተሸነፈችበት ዕለትና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት፣ ሃርት አታክ በምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የገቡት ሰዎች በ25 በመቶ ጨምረው ነበር። በሌላ በኩል ጣሊያን ውስጥ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ጭማሪ አልታየም። እኔ ከዚህ የምወስደው ኳስ ጤነኛን ልብ እንደማይገድል፣ የታመመና መድኃኒቱን የዘለለ ልብን ግን ሊፈትን እንደሚችል ነው።

ውጥረቱ ሲመጣ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል፣ ደምም ለመርጋት ይቀርባል። ጤነኛ የደም ሥር ይህን ይችለዋል። ግድግዳው ላይ ስብ ያጠራቀመ የደም ሥር ግን በዚህ ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ኳስ የሚያይ ሰው ሃርት አታክ የሚይዘው እንዲህ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ ምርመራው እስኪያልቅ ውጥረት ያለባቸውን ጨዋታዎች በቀጥታ አይመልከቱ፤ ውጤቱን ሰምተው ድጋሚውን ይዩ። ምርመራው ደህና ከሆነና ግፊትዎ ከተስተካከለ አርሴናልዎን የሚከለክልዎት ምክንያት አይታየኝም። ከሰዎች ጋር ተሰብስቦ መደሰት ለአንድ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት አስተወዋለሁ ብዬ አልነሣም።

የሚያሸናውን ኪኒን መዝለልዎን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። የሚዘሉት ጨዋታ ባለ ቀን ስለሆነ፣ ልብዎ በጣም በሚፈተንበት ቀን ነው ያለ መከላከያ የሚወጡት። መፍትሔው ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማሸናት የሚጀምረው ከተዋጠ 2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ በ4ኛው ሰዓት አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅዳሜ ቀዳሚው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር፣ እንደ እንግሊዞች የሰዓት ለውጥ፣ 8:30 ወይም 9:30 ይጀምራል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከዋጡት ዋናው ሽንት ከረፋዱ በፊትና እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይወጣል፤ ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ አብዛኛው አልፏል። የምሽቱ ጨዋታ ከሆነማ ጭራሽ አያሳስብም። ይህ ካልተመቸዎት ሐኪምዎ በሌላ ኪኒን ሊቀይርልዎ ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው።

በዕረፍት ሰዓት ተጨማሪ አምሎዲፒን መዋጥ አይጠቅምዎትም። አምሎዲፒን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዕረፍት የዋጡት የሚበረታው ተኝተው ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ውጥረቱ ስለሌለ ሽንት ቤት ሊሄዱ ሲነሡ ሊያዞርዎትና ሊጥልዎት ይችላል። የሚጠቅመው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ነው። ኒፌዲፒን የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት ምላስ ሥር አድርጎ ግፊትን በድንገት ማውረድም ይቅር፤ ልብና አንጎል ደም አጥሯቸው ሌላ አደጋ ይከተላል። ጎረቤት «ልብ ያረጋጋል» ብሎ የሚያቀብልዎትን ፕሮፕራኖሎልም አይውሰዱ፤ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር መድኃኒት ነው። አንገትዎን ሲጨመድድዎት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዱ እንደሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ፣ የሚያሸናውን ኪኒን ሥራ ያዳክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል።

ፋርማሲ ውስጥ የተለኩት 170/100 መድኃኒት የሚቀየርበት ቁጥር አይደለም። ከጨዋታ ወጥተው፣ ምናልባት ቡና ጠጥተው፣ ስለ ዳኛው እያወሩ ነው የተለኩት። ትክክለኛውን ለማወቅ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ይግዙ ወይም ይዋሱ፤ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ይተዉት። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና እንቅስቃሴ አይኑር፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ይሁን፤ ሹራብ ላይ ከታሰረ ቁጥሩን ያዛባል። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ያሳርፉ፤ ሲለኩ አይናገሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋት ኪኒን ከመዋጥዎ በፊትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ጥለው የቀሪዎቹን አማካይ ያውጡ። አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ አልበቃም ማለት ነውና መዝገቡን ይዘው ይቅረቡ። ጨዋታ እየተካሄደ አይለኩ፤ ቁጥሩ ራሱ ያስደነግጥዎትና ሌላ ከፍታ ይጨምራል።

የቀረው ከኳሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው፤ ከዘጠናው ደቂቃ ይበልጥ የሚጎዳዎት እሱ ይመስለኛል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ በቅድሚያ የሚቀረው እርሱ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልክ እንደ አድሬናሊን የደም ሥር ያጠባል፣ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጫትን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ከቀትር በኋላ የተቃመ ጫት ላይ የምሽት ጨዋታ ሲደረብ ልብዎ በአንድ ጊዜ በሁለት ነገር ይገፋል። ሲጋራም እንዲሁ፤ እርስዎ ባያጨሱም ዲኤስቲቪ ቤቱ በጭስ የተሞላ ከሆነ ቦታ ይቀይሩ። በአገራችን ሕግ በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ማጨስ ክልክል ስለሆነ ባለቤቱን መጠየቅም መብትዎ ነው።

ድራፍት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ብዙ አልጨቃጨቅም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን የልብ ምትን ያዛባል፣ የማታውን አምሎዲፒንም ያስረሳል። ቡና ለለመደ ሰው ጠዋትና ቀትር ላይ ሁለት ሦስት ሲኒ አይጎዳም። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ግን በእኛ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት የሚጀምር ስለሆነ፣ ለመንቃት ብለው ማታ ከጠጡት ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያነጋሉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግፊት በማግሥቱ ይወጣል። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ቢተኙ ከቡናው ይሻላል። ከጨዋታ በፊት ጨው የበዛበት ጥብስ በልቶ መቀመጥም ለግፊትዎ ጥሩ አይደለም። በጨዋታው ላይ የሚወራረዱ ከሆነ ይተዉት፤ ለቡድንዎ ያለው ፍቅር ልብዎን በበቂ ያስጨንቀዋል፤ የቤት ወጪ ሲጨመርበት ጭንቀቱ ሌላ ነው።

ሲመለከቱ በር አጠገብ ይቀመጡ፤ በዕረፍት ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ። ውጥረቱ ሲበዛ ወደ ውጭ ወጥተው በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ለ3 ደቂቃ ያህል ሲደጋግሙት ምቱ ይረጋጋል። የመለያ ምት ከሆነ እዚያው ውጭ ይቆዩ፤ ጩኸቱ ውጤቱን ይነግርዎታል።

ይህን ደግሞ ለባለቤትዎና አብረውዎት ለሚያዩ ጓደኞችዎ ያንብቡላቸው። ደረት ላይ የተጫነ ወይም የሚጨምቅ ሕመም፣ ወደ መንጋጋ፣ ጀርባ ወይም እጅ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ሊያስት የሚመጣ መደለቅ፦ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው፣ ትንሽ ጋዝ ነው» እያለ የዳኛውን ፊሽካ ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ የልብ ጡንቻ እየሞተ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ፤ ከዘገየ ታማሚውን በመኪና አስቀምጣችሁ ውሰዱ፤ ራሱ አይንዳ፣ በእግሩም አይሂድ። ለአስፕሪን አለርጂ ከሌለው፣ የሚደማ ጨጓራ ከሌለበት፣ 300 ሚሊግራም ያኝክ፤ የ81 ሚሊግራሙ ከሆነ አራት ፍሬ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከከበደ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን አትስጡ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ብቻ መዝግባችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ወድቆ የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም እንደሚያቃስት ብቻ የሚተነፍስ ሰው ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሡ። የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ሕይወቱን ያተረፈው ደረቱን በፍጥነት መጫናቸውና የልብ ማስነሻ መሣሪያው ነበር። በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት፤ አንዱ 907 ይደውል፤ ሌላው የእጁን መዳፍ መሠረት በደረቱ መካከል አድርጎ፣ ሁለተኛውን እጅ በላዩ ደርቦ፣ ክንዱን ሳያጥፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ይመለስ። በየ2 ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካ፤ የሚጫን ሰው ሲደክመው ጥልቀቱ ይቀንሳልና። የሕክምና ሰው እስኪደርስ ወይም እሱ ራሱ መተንፈስና መንቀሳቀስ እስኪጀምር አታቋርጡ።