ሞተሩ እንደሚጠፋ የሚያውቅ አብራሪ

ጥያቄ፦ አብራሪዎች በየስድስት ወሩ ገደማ የበረራ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስል ማሽን) ውስጥ ገብተው እንደሚፈተኑ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ወደዚያ የሚገባ ሰው አንድ ነገር እንደሚበላሽበት አስቀድሞ ያውቃል። እያወቁት የሚመጣ አደጋ ላልታወቀው እንዴት ያዘጋጃል?
አዘውትሬ የምበር መንገደኛ

መልስ፦ ጥያቄዎ ሕመማችንን ነክቷል። ለብዙ ዓመታት ከአብራሪዎች ጀርባ ባለው የአሠልጣኝ ወንበር ተቀምጬ ሞተር ሳጠፋ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጣት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የተለመደው ፈተና አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲንደረደር፣ ማቆም ከማይቻልበት ፍጥነት ላይ እንደደረሰ አንዱን ሞተር መንሳት ነው። አብራሪው ይህን ስለሚያውቅ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደላድሎ ይጠብቀኛል። ከልቡ የሚደናገረው ሞተሩን ሳልነካበት የቀረሁ ዕለት ነው።

ልምምዱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እጅና እግር የለመዱትን ሲሠሩ አእምሮ ለአዲሱ ነገር ፋታ ያገኛል። ክፋቱ አሠልጣኙም አብራሪውም «ችሏል» ብለው ሲለያዩ ነው። የቻለው የሚያውቀውን ነው።

እርስዎ የጠየቁትን ልዩነት በሰከንድ ያሳየ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ከኒው ዮርክ ላጓርዲያ የተነሳ ኤርባስ ኤ320 ከወፍ መንጋ ጋር ተጋጭቶ የሁለቱንም ሞተሮች ኃይል አጣ። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ውሃ ላይ ማረፍን የተማረው በክፍል ውስጥ እንጂ በሲሙሌተር አልነበረም። በኋላ በምርመራው ሌሎች አብራሪዎች ያንኑ በረራ በሲሙሌተር ደገሙት። ወፎቹ እንደመቱ ወዲያውኑ ወደ ማረፊያ ከዞሩት አንዳንዶቹ ደረሱ። 35 ሰከንድ ቆይቶ በተዞረበት ሙከራ ግን አውሮፕላኑ ሳይደርስ ወደቀ። እነዚያ 35 ሰከንዶች ምን እንደደረሰ ለመረዳትና ለመወሰን የሚፈጁ ናቸው። ቀድሞ የተነገረው አብራሪ አያስፈልጉትም፤ ያልተነገረው ግን ያለ እነርሱ አይሆንለትም።

በዚያው ዓመት ጁን 1 ቀን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ቅንጣት ተደፍነው ለአንድ ደቂቃ ያህል ተሳሳቱ፤ ሞተሩም ክንፉም ደህና ነበር። አውቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ) ሲለቅ አውሮፕላኑ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ተደረገና ክንፉ የመሸከም ኃይሉን አጣ። 228 ሰዎች አለቁ። ረዳት አብራሪዎቹ የተሳሳተ የፍጥነት ንባብን ተለማምደው ነበር፤ ለመሬት ቀረብ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ግን። በዚያ ከፍታ በእጅ ማብረርን ማንም አላስለመዳቸውም።

ሲሙሌተሩ ራሱም ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ኒው ዮርክ ላይ ከወደቀው የአሜሪካን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300 አደጋ በኋላ መርማሪዎች ከአስተዋጽኦ ምክንያቶቹ አንዱ የአብራሪዎቹ ሥልጠና እንደሆነ ጽፈዋል። ረዳት አብራሪው ከፊቱ የሄደው አውሮፕላን የተወውን የአየር ሁከት ሲያገኝ የጭራውን መሪ ፔዳል በኃይል ግራና ቀኝ ረገጠ፤ ጭራው ተገንጥሎ ወደቀ። የሲሙሌተሩ ልምምድ ሁከቱን አጋኖ ያሳይ ነበር፤ የሲሙሌተር ጭራ ደግሞ አይገነጠልም።

እኔ ምን አደርጋለሁ? ትልቁን አደጋ እተወውና ጸጥ ባለ በረራ መካከል፣ አብራሪዎቹ ስለ ምሳ ሲያወሩ፣ እርስ በርስ የሚጣረሱ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች እሰጣለሁ። አንዱ መለኪያ ፍጥነት ጨመረ ሲል ሌላው ቀነሰ ይላል። የማየው መልሱን አይደለም፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርገው ይዘው እንደሆነ፣ ቀጥሎም አንዱ ለሌላው ያየውን ጮክ ብሎ ነግሮት እንደሆነ ነው። ብዙዎቹ እጃቸውን ቶሎ ይሰዳሉ፤ ጎበዞቹ ትንሽ ይዘገያሉ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሥልጠናው በተሸመደዱ ብልሽቶች ሳይሆን በብቃት ላይ እንዲመሠረት መንገድ ከፍቷል። በተግባር ግን ያው ክፍለ ጊዜ የፈቃድ ማደሻ ፈተናም እስከሆነ ድረስ አብራሪው ድንገተኛ ነገር አይፈልግም። ትናንት የተፈተነው ዛሬ ለሚፈተነው ጓደኛው የብልሽቶቹን ዝርዝር ስልክ ደውሎ ይነግረዋል። እኔም ስለማውቅ ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን እቀይራለሁ፤ ይህን ሲያነቡ ስልኩን ቀድመው የሚያነሱ እንዳሉ አልጠራጠርም።