ጣቶቹን ሳታዩ ከአልጋው አትራቁ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ጋውን ለለበሳችሁ ነርሶች ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ አጥንት የተሰበረበት ሰው አልጋ ዳር ነው። እዚህ አገር ሰባሪው ብዙ ነው። የጣርማ በር ቁልቁለት አለ፣ የመንዝ ፈረስ አለ፣ የክረምት ጭቃ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ባጃጁ ተጨምሯል።

ከጥፋቴ ልጀምር። አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከአህያ ወድቆ ከክርኑ በላይ የተሰበረ ልጅ ቀን ጀሶ ታስሮለት ተኝቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አባትየው መጣ። «እትዬ፣ ልጁ አላስተኛም አለን» አለኝ። ስብራት ነው፣ ያማል ብዬ የታዘዘለትን ማስታገሻ ወጋሁት። ጋቢውን ግን አልገለጥኩም። ትንሽ ቆይቶ ልጁ እንደገና አለቀሰ። «በቃ፣ ታገሡት» አልኩና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ሲነጋ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ገርጥተዋል፣ ሲነኩት አይሰማውም። ጀሶው ወዲያው ተቀደደ። እጁ ተረፈ። ጣቶቹ ግን ተቆልምመው ቀሩ።

የታሰረ ስብራት ሕመሙ እየቀነሰ ነው መሄድ ያለበት። እየባሰ ከሄደ፣ ማስታገሻም ካልያዘው፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ ውስጥ ያለው እብጠት ደሙን እያነቀው ነው። ጡንቻና ነርቭ ደም ካጡ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ስለዚህ ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ጣቱን ያንቀሳቅስ። ስትነኩት ይሰማው እንደሆነ ጠይቁት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2700 ሜትር በላይ ናት፤ በሐምሌ ሌሊት የጤነኛም ጣት በረዶ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከደህናው እጅ ጋር አስተያዩ። አንጓው ላይ ትርታ አገኘሁ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ትርታ የሚጠፋው ዘግይቶ ነው። ለእብጠት እጁን ከፍ አድርጉት ትባላላችሁ፣ ልክ ነው። ይህ ጥርጣሬ ሲመጣ ግን ከልቡ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን አውርዱት፤ ከዚያ ሐኪሙን ቀስቅሱ። ቢቆጣም ይቆጣ።

ጀሶ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሲታሰር ይሞቃል፤ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት በሽተኛው ተቃጠልኩ ብሎ ይደነግጣል። እርጥብ ሳለ በመዳፍ ነው የሚያዘው። ጣታችሁ የጎደጎደበት ቦታ በኋላ ቁስል ይሆናል። እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን፣ በእኛ ጭጋግ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ታዲያ ቤተሰብ ቸኩሎ ከሰል ያቀጣጥላል። ከላይ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። በተዘጋ ቤት ውስጥማ የከሰሉ ጭስ ራሱ ገዳይ ነው።

ማሳከኩ ሌላው ነው። አንዲት እናት በእንዝርት ጫፍ ከጀሶው ሥር ስታክ ከርማለች። ስትመጣ ጀሶው ይሸት ነበር። ስንከፍተው ቁስሉ መዳፍ ያህላል። «ጥጥ ስፈትል እጄ ላይ ያለው እሱ ነዋ!» አለችኝ። ምን ትመልሱላታላችሁ? ለካ ማንም አልነገራትም።

በክብደት እግሩ የሚሳብ በሽተኛ ካላችሁ አስታማሚውን አስተምሩ። አንድ ቀን ዋርድ ስገባ የተንጠለጠለው ክብደት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እህትየው «ከበደው ብዬ ነው» አለች። አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፤ ግን ክብደቱ ነጻ ሆኖ ካልተንጠለጠለ አጥንቱ ቦታውን ይስታል። ዳሌያቸው ተሰብሮ የተኙ አዛውንት ደግሞ ከስብራቱ ይልቅ በመተኛቱ ይጎዳሉ። በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው፣ ተረከዛቸውን እዩ፣ በረጅሙ እንዲተነፍሱ አድርጉ።

ወጌሻ ጋ ሄደ ብላችሁ አትቆጡ። ራጅ ባልነበረበት ዘመን ማን ነበር የሚያቃናን? የተቆጣችሁት ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ጎረቤቱም ይቀራል። ይልቅ ወጌሻውን አግኙት። አጥብቀህ አትሰር፣ ጣቱ ከጠቆረ ፍታ፣ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ አትንካው፣ ላክልን በሉት። እኔ ካገኘኋቸው አብዛኞቹ ሰምተውኛል።

የጉልበት ነገር እዚህ ሁሉም «ብርድ ነው» ይባላል። የእናቶቻችን ጉልበት በአብዛኛው በዕድሜና በሸክም ያለቀ ነው፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ሸክም መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ይረዳቸዋል። ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ በየቀኑ የሚዋጠው ማስታገሻ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይበላል። ልጅ አተኩሶት አንድ መገጣጠሚያው ካበጠና አላስረግጥ ካለው አይታሽም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ጉሮሮውን ታሞ ከሰነበተ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወርበት ልጅ ደግሞ ልቡ ይታይለት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ይወጣል፤ ጉልበቱም አይታጠፍም። ሰው ይህን ሲያይ እግሬ ሞተ ብሎ ያለቅሳል። መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት ንገሩት። ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቅባት ይቀባ፤ አትፈግፍጉት። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እናንተን ተደግፎ ይራመድ።