የፓንዳስ 2.0 የቀን ስሕተት፦ «ኮኧርስ» ብለው አይለፉት

ሰላም ለእርስዎና ለቡድኑ አባላት። «ሦስት ዓመት ያለ ችግር የሠራው የፓይተን ፕሮግራሜ ፓንዳስን ከ1.5 ወደ 2.0 ካሻገርኩት ወዲህ ቆመ፤ መጀመሪያ አፔንድ የሚባል ነገር የለም አለኝ፤ እሱን ሳስተካክል ደግሞ ቀኖቹን ማንበብ አቃተው፤ ወደ አሮጌው ልመለስ ወይስ እንደተመከርኩት ስሕተቱን በኮኧርስ ልለፈው?» ብለው ለጠየቁት ነው የምመልሰው። (ለማያውቀው አንባቢ፦ ፓንዳስ በፓይተን ሰንጠረዥ የሚነበብበትና የሚደመርበት መሣሪያ ነው፤ ኮኧርስ ደግሞ ስሕተት ሲገኝ ሥራው ሳይቆም እንዲያልፍ የሚያደርግ አማራጭ ነው።) እኔ የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ ቡና ከገበሬ ማኅበራት በሚረከብ ድርጅት የመረጃ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የእርስዎም ሰንጠረዥ የእኔን ሳይመስል አይቀርም፤ አንድ ዓምድ ቀን፣ አንድ ዓምድ የማኅበር ስም፣ አንድ ዓምድ ኪሎ። ከእኔ በፊት የመለሱት አባል ኮኧርስን የመከሩዎት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔንም የመከረኝ ሰው ቅን ነበር፤ መዘዙ ግን የተረፈው ለእኔ ነው።

አንደኛ፣ በሰንጠረዥ ላይ ረድፍ የሚጨምረው የአፔንድ ትእዛዝ ነገር አያስጨንቅዎ። እንደሚወገድ በ1.4 ላይ፣ በጃንዋሪ 2022፣ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ 2.0 በኤፕሪል 2023 ሲወጣ ተወገደ። ተተኪው ሰንጠረዦችን የሚያገናኘው ኮንካት ነው። ነገር ግን አፔንድ በነበረበት ቦታ፣ በዙር ውስጥ (አንድ ሥራ በሚደጋገምበት የፕሮግራሙ ክፍል)፣ ኮንካትን ብቻ ተክተው እንዳያልፉ፤ በእያንዳንዱ ዙር እስከዚያ የተሰበሰበው ሰንጠረዥ በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚገለበጥ ፋይሉ በረዘመ ቁጥር ሥራው እየከበደ ይሄዳል። ቁርጥራጮቹን በተራ ዝርዝር ውስጥ ሰብስበው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ያገናኟቸው። የእኔ ፕሮግራም የየጣቢያውን ፋይል እያነበበ ሲያጠራቅም ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ፈልቶ ይደርስ ነበር፤ አሁን ሲኒው ሳይታጠብ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ዓምዶችን በየተራ የሚያወጣውን ኢተርአይተምስ የሚለውን ትእዛዝ አይተምስ ይበሉት። በማኅበር ከፋፍለው ሲደምሩም የሚደመረው ዓምድ ኪሎው ብቻ መሆኑን በግልጽ ይንገሩት፤ አሮጌው ፓንዳስ የጽሑፍ ዓምዶችን በዝምታ ይጥላቸው ነበር፣ 2.0 ግን እንዳሉ ይደምራቸዋል። ጽሑፍ ሲደመር ደግሞ መቀጣጠል ነው፤ የወረዳው ዓምድ «ማና» የሚለውን የወረዳ ስም እየቀጣጠለ «ማናማናማናማና» እያለ ገጹን ሞልቶት ሳየው ኮምፒውተሩ የታመመ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው የቀኑ ጉዳይ ነው፤ መልስ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ስለ እሱ ነው። እስከ 1.5 ድረስ ፓንዳስ የቀን ዓምድ ሲሰጠው እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው እየገመተ ያነብ ነበር፤ ግምቱን የሚጀምረውም ወር ይቀድማል ከሚለው የአሜሪካኖች ልማድ ነው። ስለዚህ «13/10/2022» ሲያጋጥመው አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ (የለም የሚሉት እነሱ ናቸው፤ ስለ ጳጉሜን በኋላ እመለሳለሁ) ወደ እኛ አጻጻፍ ይመለስና ኦክቶበር 13 ብሎ በትክክል ያነበዋል። «05/10/2022» ሲያጋጥመው ግን ምንም የሚያግደው ነገር ስለሌለ ሜይ 10 ይለዋል። አንድ ጸሐፊ በአንድ እጅ የጻፋቸው ሁለት ቀኖች፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠው፣ በሁለት ሕግ ይነበቡ ነበር ማለት ነው። አዘጋጆቹ ይህንን ፒ.ዲ.ኢ.ፒ. 4 በሚባል የለውጥ ሐሳብ ተወያይተውበት በ2.0 ቀየሩት፤ አሁን ባዶ ያልሆነው የመጀመሪያው ቀን በምን ቅርጽ እንደተጻፈ ይገመትና የቀሩት ሁሉ በዚያው ቅርጽ እንዲነበቡ ይገደዳሉ፤ የማይስማማ ሲገኝ ሥራው ይቆማል፣ የቆመበት ረድፍ ቁጥርም ይነገርዎታል። እርስዎ ዘንድ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የተበላሸ ነገር ሳይሆን መናገር የጀመረ ነገር ነው ያጋጠመዎት።

እኔ ግን ይህንን አላወቅኩም ነበር። ዓመታዊ ስብሰባ ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ፕሮግራሙ የቆመብኝ። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ሥርዓቱን እንዲያይለት አበል ከፍሎ ያስመጣው አንድ ባለሙያ ነበር፤ ችግሩን ሳሳየው ወንበር እንኳ ሳይስብ ጎንበስ ብሎ «ኤረርስ» ከሚለው ግቤት ጎን «ኮኧርስ» የሚል ቃል ጻፈና «ይኸው፣ ሠራልህ» ብሎ ሄደ። እውነትም ሠራ። ቀይ ጽሑፍ ጠፋ፤ ሰንጠረዡ ወጣ፤ አትሜ፣ አስጠርዤ ለኃላፊው አስረከብኩ።

ኮኧርስ የሚያደርገው ማንበብ ያቃተውን ቀን ሁሉ ባዶ ማድረግ ነው። በወር ከፋፍለው ሲደምሩ ደግሞ ፓንዳስ ቀናቸው ባዶ የሆኑትን ረድፎች፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ሳይናገር ይተዋቸዋል። የእኔ ፋይል የመጀመሪያው ቀን «05/10/2022» ስለነበረ ወር ይቀድማል ተብሎ ተገመተ፤ ከ13ኛው ቀን ጀምሮ ያለው ርክክብ ሁሉ ባዶ ሆነ። እስኪ ይቁጠሩት፤ ሠላሳ ቀን ካለው ወር ከ13 እስከ 30 ያለው 18 ቀን ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ጠፋ ማለት ነው። የተረፉት አሥራ ሁለት ቀኖችም ቢሆኑ እንደ 10/10 እና 11/11 ቀኑና ወሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነባቸው በቀር በተሳሳተ ወር ላይ ነው የተቀመጡት።

በስብሰባው ላይ የሒሳብ ክፍል መዝገቡን ዘረጋ፣ እኔም ሰንጠረዤን ዘረጋሁ፤ የእኔ ድምር ከእነርሱ እኩሌታ አልደረሰም። ኃላፊው ከየወረዳው በመጡ የማኅበራት ተወካዮች ፊት «ቀሪውን ቡና ማን ጠጣው?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። በቡና አገር ስለ ቡና እንዲህ መባል ምን ማለት እንደሆነ ጅማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ባለሙያው በዚያ ሰዓት አበሉን ተቀብሎ መንገድ ላይ ነበር።

አራተኛ ብዬ ምክር ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩ ገና ስላላለቀ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። በዚያው ሌሊት የለውጡን ሰነድ ራሴ አነበብኩና ፎርማት በሚለው ግቤት ላይ «ሚክስድ» የሚል አማራጭ መጨመሩን አገኘሁ። ይህም እያንዳንዱን ቀን እንደ ዱሮው ለብቻው ያነበዋል። ሞከርኩት፤ ድምሩ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር በኪሎ እንኳ ሳይለያይ ገጠመ። በማግሥቱ ጠዋት አንገቴን ቀና አድርጌ ገባሁ፤ ወርኃዊውን ሥዕላዊ መግለጫም በቀለም አትሜ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ኩራቴ የቆየው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነው።

ሚዛን ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ትውልዳቸው ጎማ ወረዳ የሆነ አንድ አባት አሉን፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። በሰሌዳው ፊት ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ ካዩ በኋላ ጠሩኝና «ልጄ፣ በሰኔ እሸት ቡና የሚለቀመው በየትኛው አገር ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጀንፈል ቢሆን ኖሮ ደርቆ ቆይቶ ዘግይቶ ሊቀርብ ይችላል ብዬ ባመለጥኩ ነበር፤ ሰንጠረዡ ግን ለማጠቢያ ጣቢያ የቀረበ ቀይ እሸት ብቻ የያዘ ነው፤ እሸት ደግሞ ተለቅሞ አያድርም። በእኛ አካባቢ የሚቀላው ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ እንደሆነ ልጅ ያውቀዋል፤ በሰኔ ዝናብ ዛፉ ላይ ያለው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው። ሮጬ ፋይሉን ከፈትኩ፤ «06/11/2022» የሚል ረድፍ አገኘሁ። ኖቬምበር 6 የቀረበውን ፕሮግራሙ ጁን 11፣ ማለትም ሰኔ 4 አድርጎታል። «03/12/2022» የሚለው ደግሞ መጋቢት ውስጥ ገብቷል። ድምሩ የገጠመው ቀንና ወር ሲለዋወጡ ኪሎውም ዓመቱም ስለማይነካ ነው።

አሁን ወደ መራራው ልግባ፤ ለእርስዎም የሚጠቅመዎት ይህ ነው። ሚክስድ የሚሠራው 1.5 ይሠራ የነበረውን ከሆነ፣ በ1.5ና ከእሱ በፊት በነበሩት ያወጣኋቸው የሦስት ዓመት ወርኃዊ ሪፖርቶች በሙሉ እንዲሁ የተሳከሩ ነበሩ ማለት ነው። ዓመታዊ ድምር ብቻ ስንመለከት ኖረን አላየናቸውም። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ አሮጌው ፓንዳስ ቀን የሚቀድምበት ጽሑፍ እያነበበ እንደሆነ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር፤ እኔ ግን በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ እንዳይታዩ አድርጌ ነበር፣ ገጹ እንዳይቆሽሽ ብዬ። ይህንን ያደረገው የመጣው ባለሙያ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ስሕተቱን ለኃላፊው በጽሑፍ ሳሳውቅ ያገኘሁት መልስ «የተፈረመበት ሪፖርት የተዘጋ ነው፤ ያለፈውን ማን ቆፍር አለህ?» የሚል ነው። ደብዳቤዬን በሦስት ቅጂ እንዳቀርብ ተጠየቅኩ፤ አቀረብኩ። ከዚያም ማኅተም የሚመታው ሰው የለም ተባለ፣ ቀጥሎ የክፍሉ ስም በራስጌው ላይ በትክክል አልተጻፈም ተባለ፤ እንዲህ እያለ ከወር በላይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። በመጨረሻ መኪና የሚመድበው ክፍል በእኔ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ተመርቶ በኅዳር የሚያስፈልገውን ጭነት አሳንሶ እንደገመተ ሲታወቅ ነው የእርማት ደብዳቤው የወጣው። ዛሬ የመኪና ምደባው የሚሠራው በታረመው ሰንጠረዥ ነው፤ ይህንን ስናገር ትንሽ እንደምኮራ አልደብቅም።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ወደ 1.5 ይመለሱ፣ ነገር ግን ለመኖር ሳይሆን ለማነጻጸር፤ 1.5.3ን በተለየ ምናባዊ ከባቢ ውስጥ (ከዋናው ጋር ሳይነካካ ለብቻው በሚቆም የፓይተን ቦታ) ይጫኑትና የድሮውን ውጤት ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው ይዩት። በ2.0 ላይ የቀኑን ዓምድ መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ ያንብቡት፤ ከዚያ ፎርማት በሚለው ግቤት ቀን፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ባለ አራት አኃዝ ዓመት መሆኑን ራስዎ ይንገሩት። «ዴይፈርስት» (ቀን ይቀድማል) ማለት ብቻውን ይበቃል ብለው አይመኑ፤ የማያወላዳ ትእዛዝ ሳይሆን ምርጫ ነው፣ ሰነዱም ይህንኑ ይናገራል። ኮኧርስን የምፈቅድልዎ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ባዶ የሆኑትን ረድፎች ለይተው አውጥተው ከወረቀት ደረሰኙ ጋር ለማመሳከር። ካመሳከሩ በኋላ ቃሉን ከፕሮግራሙ ያጥፉት።

ሰንጠረዡ መሳከሩን ለማወቅ እንደ እኔ የሚዛን አባት እስኪያገኙ አይጠብቁ። ከተነበቡት ቀኖች ውስጥ የወሩን ዕለት ብቻ አውጥተው በየዕለቱ ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠሩ። የእሸት ርክክብ ከሆነና ረድፎቹ 10፣ 11 እና 12 ላይ ተከምረው ካዩ፣ ዕለት መስሎ የተቀመጠው ወሩ ነው። ፋይሉ በኤክሴል በኩል ካለፈም ፓንዳስን ከመውቀስዎ በፊት ምንጩን ይመልከቱ፤ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተሰናዳ ከሆነ ኤክሴል ራሱ እስከ 12 ያሉትን ዕለቶች ገልብጦ ቀን ያደርጋቸውና በስተቀኝ ያሰልፋቸዋል፣ ከ13 ጀምሮ ያሉት በስተግራ እንደ ጽሑፍ ይቀራሉ። እዚያ የተገለበጠውን መልሶ የሚያረጋግጥልዎ ደረሰኙ ብቻ ነው።

ጳጉሜንን አልረሳሁም። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እንዳለ ለፓንዳስ አይስጡ። ጥቅምት 30 ቀን 2015ን «30/02/2015» ብለው ቢሰጡት ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ይቆማል፤ ይህ እንኳ ደግ ነው። ጳጉሜን 3ን «03/13/2015» ብለው በሚክስድ ቢሰጡት ግን ማርች 13 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመርም አይበቃም፤ መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግሥት ወደ 12 ይሸጋገራል፣ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እንደዋለው ሁሉ። መጀመሪያ ቀይረው፣ የኢትዮጵያውን ቀን በራሱ ዓምድ እንደ ጽሑፍ አስቀርተው ከዚያ ያስገቡት።

ወደ ፓንዳስ 3.0 ለመዝለል ቀኖቹ ሳይስተካከሉ አይቸኩሉ። እዚያ ደግሞ ዓምድ መርጠው፣ ከዚያ ላይ እንደገና ረድፍ መርጠው ዋጋ የሚሰጡበት የተቀጣጠለ አጻጻፍ ዋናውን ሰንጠረዥ አይለውጥም፤ ረድፉንና ዓምዱን አብሮ በሚመርጠው «ሎክ» በአንድ ጊዜ መጻፍ ግድ ነው። ሁለቱን ለውጥ በአንድ ቀን ካስገቡ የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት ይቸግርዎታል።

የፋይልዎን የመጀመሪያዎቹን ሃያ ረድፎች የገበሬዎቹን ስም አጥፍተው ይላኩልኝ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ አየዋለሁ።